ልጅ ከሩቅ ሀገር ማምጣት፦ ፍቅሩ የእኛ፣ ነሰቡ የራሱ



ልጅ ማጣት ጮክ ተብሎ የማይወራ ሐዘን ነው። ኒካሕ ከታሰረ በዓመቱ ዘመድ አዝማዱ «ገንፎው መቼ ነው?» እያለ ይቀልዳል። በሦስተኛው ዓመት ቀልዱ ይቀራል። በአምስተኛው ዓመት ዝምታው ከቀልዱ ይብሳል። ባልና ሚስቱ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ በመጨረሻም ከሁለቱ አንዱ ሲፈራው የቆየውን ጥያቄ ያነሳል፦ «ወላጅ ያጣ ልጅ ብናሳድግስ?»

ይህ ጥያቄ ሌሎች ጥያቄዎችን ይጎትታል። በኢስላም ይፈቀዳል ወይ? ልጁ በማን ስም ይጠራል? ሲያድግ ለሚስቴ ባዳ ይሆናል ወይ? የምንኖረው ውጭ ሀገር ከሆነስ፣ ልጅ ከሌላ ሀገር ማምጣት እንችላለን ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ እውነተኛ ታሪክ በኩል ለማብራራት እሞክራለሁ፤ ኢንሻአላህ። ታሪኩ በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ሲሆን የባለታሪኮቹ ስም ግን በመዝገቡም ተሸፍኗል።

ከእንግሊዝ እስከ አልጄሪያ

ባልና ሚስቱ የፈረንሳይ ዜጎች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን እንግሊዝ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጋቡ። ልጅ አልመጣም። በተፈጥሮ መንገድ መውለድ እንደማይችሉ ሲያውቁ በ2009 ወደ አልጄሪያ ሄዱ። እዚያም ወላጅ ያጣ ልጅ ለማሳደግ ብቁ መሆናቸው ተመረመረና «ብቁ ናችሁ» ተባሉ።

በጁን 2010 አንዲት ሕፃን ተወለደች። ወላጆቿ እንደተወለደች ተዋት። በማርች 2011 ባልና ሚስቱ በአልጄሪያ ሕግ መሠረት የሕፃኗን አደራ ተረከቡ። ሊያስተምሯት፣ ሊቀልቧት፣ አባትና እናት ለልጃቸው እንደሚያደርጉት ሊጠብቋት ቃል ገብተው ፈረሙ። የቤተሰብ ስማቸውንም እንድትይዝ ተፈቀደላቸው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ባልየው ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሚስቱ ከሕፃኗ ጋር አልጄሪያ ቀረች። በ2012 ለሕፃኗ የእንግሊዝ መግቢያ ፈቃድ ተጠየቀ፤ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ አጭር ነበር፦ በአልጄሪያ የተሰጠው አደራ በእንግሊዝ ሕግ እንደ ጉዲፈቻ አይታወቅም፤ ስለዚህ ልጅቷ በሕግ ፊት ልጃቸው አይደለችም።

ቆም ብለን እናስበው። እነዚህ ባልና ሚስት የደበቁት ነገር አልነበረም። የተጭበረበረ ወረቀትም አላቀረቡም። ሕጉን ተከትለው በግልጽ በር የገቡ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ግን ባል በአንድ ሀገር፣ ሚስትና ሕፃን በሌላ ሀገር ሆኑ። ለምን? መልሱን ለማግኘት ሁለት ቃላትን መለየት አለብን።

ተበኒ እና ከፋላ

በዐረብኛ «ተበኒ» ማለት የሌላ ሰውን ልጅ ወስዶ እንደ አብራክ ልጅ መቁጠር ነው። የወላጁ ስም ይጠፋል፣ የአሳዳጊው ስም ይተካል፣ ልጁም እንደተወለደ ልጅ ይወርሳል። በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሕጎች ሙሉ ጉዲፈቻ የሚባለው ይህን ይመስላል። የድሮው ወረቀት ይታሸጋል፤ አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ የተጻፉበት አዲስ ወረቀት ይወጣል።

«ከፋላ» ደግሞ መቀበል፣ መንከባከብ፣ ኃላፊነት መውሰድ ማለት ነው። ልጁ በቤትህ ያድጋል፤ ከማዕድህ ይበላል፤ እንደ ልጅህ ትወደዋለህ፣ ትቀጣዋለህ፣ ታስተምረዋለህ። ነገር ግን ነሰቡ፣ ማለትም የዘር ሐረጉ፣ የራሱ ሆኖ ይቆያል። ቃሉ በቁርኣን ውስጥ ያለ ነው። መርየም (ዐ.ሰ.) ሕፃን ሳለች ማን ያሳድጋት በሚለው ሰዎች ተከራክረው ብዕራቸውን ጥለው ዕጣ እንዳወጡና ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እንደተረከቧት በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ተነግሮናል። ዘከሪያ አሳደጓት፤ እሷ ግን የዒምራን ልጅ ተብላ ነው የምትጠራው።

ኢስላም የከለከለው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ፈቅዶ ብቻ አልተወም፤ ትልቅ ዒባዳ አድርጎታል። የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደ ሁለት ጎረቤታም ጣቶች እንደሚቀራረብ በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ተላልፏል። ብዙ ሰው «በኢስላም ማደጎ ሐራም ነው» የሚለውን ግማሽ ቃል ይዞ ሁለተኛውን ግማሽ ይረሳል። በዚህ የተነሳ ቤት ሊያገኝ ይችል የነበረ ስንት የቲም በሩቁ ቀርቷል!

የዘይድ ስም

ይህ ድንጋጌ የወረደው በቀላል ጉዳይ ላይ አልነበረም። ዘይድ ኢብን ሓሪሣ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳለ በዘራፊዎች ተይዞ በዑካዝ ገበያ ተሸጠ። እመት ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጧቸው። ይህ ከነብይነት በፊት ነው። አባቱ ሓሪሣ ልጁን ሲፈልግ ኖሮ ወሬውን ሲሰማ ከወንድሙ ጋር የቤዛ ገንዘብ ይዞ መካ መጣ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገንዘቡን አልፈለጉም፤ ምርጫውን ለዘይድ ተዉለት። ዘይድም ከእሳቸው ጋር መቅረትን መረጠ። ያኔ በሕዝብ ፊት ልጃቸው መሆኑን አወጁ፤ ሰዉም «ዘይድ ኢብን ሙሐመድ» እያለ ይጠራው ጀመር።

ከዓመታት በኋላ በመዲና የሱረቱል አሕዛብ አንቀጾች (4 እና 5) ወረዱ። መልእክታቸው ግልጽ ነው፦ በአፍ «ልጄ» የተባለ ሁሉ የአብራክ ልጅ አይሆንም፤ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም መጥራት አላህ ዘንድ ፍትሐዊ ነው፤ አባቶቻቸው ካልታወቁ ደግሞ የሃይማኖት ወንድሞች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዘይድ ኢብን ሓሪሣ» ተባለ።

የሙሐመድ ልጅ መባልን የሚያህል ክብር ማን ያጣል? ዘይድ ግን በስሙ ለውጥ የተነሳ ከነብዩ ልብ አልራቀም። ከሰሃቦች ሁሉ በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠቀሰው እሱ ብቻ ነው (አሕዛብ 37)። ያገባቸውም ሐበሻዊቷን ኡሙ አይመንን (ረ.ዐ.) ነበር፤ እናታቸው ኣሚና ከሞቱ በኋላ ነብያችንን ያቀፉ፣ የተንከባከቡ እናት ናቸው። የእኛ ነብይ ራሳቸው የቲም ነበሩ። አያታቸው፣ አጎታቸውና አንዲት ሐበሻዊት ሴት አሳደጓቸው፤ ስማቸው ግን ሙሐመድ ኢብን ዐብዲላህ ሆኖ ኖረ።

ነሰብ ለምን ይህን ያህል ከበደ?

አስተማሪ ሳለሁ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ጎበዝ፣ ረጋ ያለ። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ተጣላ። ጓደኛው በንዴት «እነሱ እኮ ወላጆችህ አይደሉም! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!» አለው። ልጁ አልተማታም። ወደ እኔ መጥቶ የስም መጥሪያውን መዝገብ እንዳሳየው ለመነኝ። የአባቱን ስም በጣቱ ነክቶ «ቲቸር፣ ይሄ ውሸት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሳዳጊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጁን ከልብ ይወዱት ነበር። «ከነገርነው ይከፋዋል» ብለው ነው የደበቁት። ነገር ግን ሰፈር የሚያውቀውን ከልጁ ብቻ መደበቅ ልጁን መጠበቅ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ የተጎዳው በማደጉ ሳይሆን በመዋሸቱ ነበር።

በእኛ ሀገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አውሮፓዊ የቤተሰብ ስም አለው፤ እኛ የምንጠራው በአባታችን በራሱ ስም ነው። «አሕመድ ኢብራሂም» ስንል አሕመድ የኢብራሂም ልጅ ነው ማለታችን ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስም መቀየር አባት መቀየር ነው። ነሰብ የጋብቻን ሐላልና ሐራም ይወስናል፤ ውርስን ይወስናል። ልጁ ሳያውቅ እህቱን እንዳያገባ የሚጠብቀው ይኸው የታወቀ ነሰብ ነው።

ሦስቱ የቤት ውስጥ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ስም። አባቱ ከታወቀ በአባቱ ስም ይጠራል። ካልታወቀ ብዙ ዑለሞች እንደ «ዐብዱላህ» ያለ ለማንም የማይዋሽ የአባት ስም እንዲሰጠው ይመክራሉ፤ ሁላችንም የአላህ ባሮች ነንና። የሞሮኮ የሲቪል ምዝገባ ሕግም አባቱ ላልታወቀ ልጅ በ«ዐብድ» የሚጀምር የአባት ስም ይሰጣል። አልጄሪያ በበኩሏ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጁ የአሳዳጊውን የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ፈቅዳለች፤ ይህ ግን ነሰቡን አይለውጥም። በፍቅር «ልጄ» ብሎ መጥራት ደግሞ ችግር የለውም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አነስን (ረ.ዐ.) «ልጄ» ይሉት ነበር።

አባት የማይታወቅ መሆኑ የልጁ ነውር አይደለም። ሳሊም (ረ.ዐ.) የአቡ ሑዘይፋ ማደጎ ነበር። አንቀጹ ሲወርድ «የአቡ ሑዘይፋ መውላ» ተባለ። ይህ ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን ከእነሱ ተማሩ ብለው ከጠቀሷቸው አራት ሰሃቦች አንዱ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ መህረም። ያሳደግከው ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ለባለቤትህ ባዳ ነው፤ ሴት ልጅም ለአንተ እንዲሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ሸሪዓ ግን በር ከፍቷል፤ እሱም ማጥባት (ረዷዕ) ነው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጠባ የጡት ልጅ ይሆናል። በሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ መጥባት ያስፈልጋል፤ በሐነፊ መዝሀብ አንድ ጊዜም ይበቃል።

ሚስት ወተት ባይኖራትስ? ልጁ ወንድ ከሆነ የሚስት እህት ታጥባው፤ ያኔ ሚስትየዋ አክስቱ ትሆናለች። ልጅቷ ሴት ከሆነች የባል እህት ታጥባት፤ ያኔ ባልየው አጎቷ ይሆናል። ዛሬ በሕክምና ርዳታ ሳይወልዱም ወተት እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ሑክሙ ላይ ግን የመዝሀቦች ልዩነት ስላለ ዓሊም ሳይጠየቅ አይኬድበትም። በሀገራችን ሳይጠባ በቃልና በሥርዓት ብቻ «የጡት ልጅ» የሚባልበት ልማድ አለ። ልማዱ የዝምድና ፍቅርን ያጠናክር ይሆናል፤ መህረም ግን አያደርግም። በሸሪዓ የሚቆጠረው ወደ ሆድ የገባ ወተት ነው። በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ የወሰደ ቤተሰብ ደግሞ ሲጎለምስ በቤት ውስጥ የአለባበስና የብቻ መሆን ሥርዓትን መጠበቅ አለበት። ይህን ቀድሞ ማቀድ ይቻላል፤ ሰው በአንድ ግቢ ከወንድሙ ልጆችና ከአክስቱ ልጆች ጋር ሲኖር የሚያደርገው ነው።

ሦስተኛ፣ ውርስ። ማደጎ በሸሪዓ አያወርስም፤ ማጥባትም አያወርስም። ታዲያ አሳዳጊው ሲሞት ልጁ ሜዳ ላይ ይወድቃል ማለት ነው? አይደለም። ሰው ከንብረቱ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው በወሲያ መተው ይችላል። በሕይወት እያለም ስጦታ (ሂባ) መስጠትና ማስረከብ ይችላል። አንድ ሦስተኛ ማለት በብዙ ቤት አንድ ወንድም በውርስ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ችግሩ ሸሪዓው ሳይሆን ወሲያ የማንጽፍ መሆናችን ነው። አሳዳጊው በድንገት ይሞታል፤ ወንድሞቹ ይመጣሉ፤ ሃያ ዓመት «ልጄ» የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን «አንተ ማነህ?» ይባላል። ወሲያ ሳይጽፉ የቲም ማሳደግ አደራውን በግማሽ መተው ነው። ልጁ የራሱ ገንዘብ ካለው ደግሞ የየቲምን ገንዘብ መብላት በሱረቱ ኒሳእ (10) እሳት መብላት ተብሎ መነገሩን አንርሳ።

የጥንዶቹ ክርክር የት ደረሰ?

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። አስተውላችሁ ከሆነ የእንግሊዝ ቪዛ ሠራተኛና ሙፍቲው አንድ ቃል ነው የተናገሩት፦ «ልጅቷ ልጃችሁ አይደለችም»። ሙፍቲው ግን ከዚያ ቀጥሎ «አደራችሁ ናት፤ ከቤታችሁ አትለዩዋት» ይላል። የቪዛ ሠራተኛው ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቅጽ አልነበረውም።

ጉዳዩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ተንከባለለ። በአንዱ ተሸነፉ፣ በሌላው አሸነፉ፣ በይግባኝ እንደገና ተሸነፉ። በ2018 ጉዳዩን የያዘው የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕጉን ትርጉም ከአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ጠየቀ። መልሱ በማርች 26 ቀን 2019 መጣ። ሕፃኗ በዚያ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር።

ፍርዱ ሁለት ነገር አለ። በመጀመሪያ፣ ከፋላ የወላጅና የልጅ ዝምድና ስለማይፈጥር ልጅቷ በኅብረቱ ሕግ «የአብራክ ልጅ ወይም ተወላጅ» በሚለው ውስጥ አትገባም። ሁለተኛ፣ ሆኖም «ሌላ የቤተሰብ አባል» ናት። ስለዚህ ሀገሪቱ በሩን ዝም ብላ መዝጋት አትችልም፤ የልጅቷን ጥቅም አስቀድማ መመርመር አለባት። በስንት ዓመቷ ተረከቧት? ከዚያ ወዲህ አብረዋት ኖረዋል ወይ? ምን ያህል ይቀራረባሉ? ኑሮዋ በእነሱ ላይ የቆመ ነው ወይ? ለብዝበዛ ወይም ለሕገ ወጥ ዝውውር የመጋለጥ ስጋትስ አለ ወይ? እውነተኛ የቤተሰብ ኑሮ ሊኖሩ የተሳሰሩ መሆናቸው ከታየና ልጅቷ በእነሱ የምትተዳደር ከሆነ በመርህ ደረጃ የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጣት ይገባል አለ።

ፍርድ ቤቱ ከፋላን ወደ ጉዲፈቻ ሳይለውጥ፣ ከፋላ እንደሆነ ተቀብሎ መንገድ ፈለገለት። ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ላይ ወላጅ ላጣ ልጅ ከሚሰጡ የእንክብካቤ ዓይነቶች መካከል ከፋላን በስሙ ጠቅሶታል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት።

ሆኖም የፍርዱን ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ፍርዱ የሚመለከተው የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ሆነው ከራሳቸው ሀገር ውጭ በሌላ የኅብረቱ ሀገር የሚኖሩትን ነው። ስዊድናዊ ሆኖ ስዊድን የሚኖር ሰው የሚዳኘው በስዊድን ሕግ ነው። እንግሊዝም ከኅብረቱ ወጥታለች። ፈረንሳይ ደግሞ በ2001 ባወጣችው ሕግ፣ የትውልድ ሀገሩ ሕግ ጉዲፈቻን የሚከለክል ልጅ፣ ፈረንሳይ ተወልዶ በዚያው የሚኖር ካልሆነ፣ በጉዲፈቻ እንዳይወሰድ ከልክላለች። የሀገሩ ሕግ እንደ ሀገሩ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት በሌላኛው ወገን ነበረች፤ ልጅ ሰጪ ሀገር። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ብዙዎቹ መልካም ቤት አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ወላጅ «ሞቷል» ተብሎ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተገኝተዋል። ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው የፈረሙ ወላጆችም ነበሩ። ይህ የማይደንቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅን ለዘመድ ሰጥቶ ማሳደግ የኖረ ነገር ነው፤ ልጁ ግን ከወላጁ አይቆረጥም። ወላጅ የሰጠው በእኛ ልማድ ነው፤ ተቀባዩ የወሰደው ሙሉ በሙሉ በሚቆርጥ ሕግ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። ይህ ጉዳይ የብዙ ሰው ልብ ሰብሯል። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ል. የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል።

የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ ግን ክፍት ነው። በ1992 ዓ.ል. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ አድራጊውን ዝቅተኛ ዕድሜ 25 ዓመት ያደርጋል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። በዚህ ሕግ ልጁ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳልም። ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ግን ሕጉ አልበጠሰም። ይህ ከብዙ ሀገሮች ሕግ ይልቅ ለእኛ አስተሳሰብ የቀረበ ነው።

ሙስሊም ቤተሰብ እዚህ ላይ ዓይኑን ከፍቶ መምረጥ አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎች ሲስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኝ ይችላል። ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ ስለ ስጦታ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን አላቸው። ለከፋላ የቀረበው መንገድ ሞግዚትነትን በፍርድ ቤት አስወስኖ ወሲያንና ሂባን አብሮ ማስጻፍ ነው። ጉዲፈቻ ያስመዘገበ ቤተሰብ ደግሞ የውርሱን ጉዳይ ከቃዲ ጋር ተማክሮ በሕይወት እያለ ይጨርስ። ካልሆነ ልጁና ወንድሞችህ ለቅሶው ሳያበቃ በሁለት ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

አንድ በድፍረት መነገር ያለበት ነገር አለ። የሟች ወንድምን ወይም የእህትን ልጅ በሰነድ ላይ «ልጄ ነው» ብሎ ሞልቶ መውሰድ በማኅበረሰባችን የተለመደ ሆኗል። ኒያው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የቲምን ለመርዳት ነው። ነገር ግን በሦስት በኩል ያስከፍላል። በሸሪዓ፣ እያወቁ አባት ያልሆነን አባት ማለት ከባድ ወንጀል መሆኑ በሰሒሕ ሐዲሶች ተነግሯል። በሕግ፣ የዲኤንኤ ምርመራ ሲጠየቅ ነገሩ ይፈርሳል፤ «ሐሰተኛ ሰነድ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ልጆችህም ማመልከቻ እንቅፋት ይሆናል። በልጁ በኩል ደግሞ አጎቱን «አባቴ»፣ የአጎቱን ልጆች «እህቶቼ» እያለ፣ የሞተ አባቱን ስም ባዕድ ሀገር እንዳይጠራ እየተነገረው ያድጋል። ያ የአራተኛ ክፍል ልጅ እዚህ ጋ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ልጅ ለመውሰድ ያሰባችሁ ጥንዶች ሆይ፣ ልጁን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

በመጀመሪያ፣ የምትኖሩበት ሀገር ከፋላን ወይም የሞግዚትነት ውሳኔን ለመግቢያ ፈቃድ ይቀበል እንደሆነ ከሕግ ባለሙያ በጽሑፍ መልስ ያዙ። ልጁ ያለበት ሀገር ሕግም እንዲሁ ይጠየቅ፤ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም «እኔ ሐበሻ ነኝ» በማለት ብቻ አይመን።

ቀጥሎ፣ ከሩቅ ከማምጣት በፊት የቅርቡን እዩ። በአውሮፓና በአሜሪካ በመንግሥት እጅ ሆነው የሙስሊም ቤት የሚጠብቁ ሙስሊም ልጆች አሉ። በእንግሊዝ ሕግ ልጁን ከወላጆቹ በሕግ ሳይቆርጡ ማሳደግ የሚያስችል ልዩ ሞግዚትነት የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከከፋላ ጋር ይቀራረባል። ሌሎች ሀገሮችም ተመሳሳይ መንገድ ሊኖራቸው ይችላል፤ ጠይቁ። የወንድማችሁን የቲም ደግሞ እዚያው ከአያቱ ጋር ሆኖ በየወሩ መርዳትም ከፋላ ነው። አንዳንዴም ለልጁ የሚሻለው ይሄ ነው።

ከዚያ፣ ጥያቄውን ገልብጡት። «እኛ ልጅ እንፈልጋለን» ከሚለው ይልቅ «ይህ ልጅ ምን ያስፈልገዋል?» በሉ። የልጁ እናት በሕይወት ካለችና የምትሰጠው ስለቸገራት ብቻ ከሆነ፣ ልጇን ከመውሰድ ይልቅ እሷን መደገፍ ይቀድማል።

በመጨረሻ፣ የልጁን እውነት ሰንዱ። የትውልድ ቦታው፣ የወላጆቹ ስም፣ የተገኘበት ሁኔታ፣ ያጠባችው ሴት ማንነትና ስንት ጊዜ እንዳጠባችው በጽሑፍና በምስክር ይቀመጥ። ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ይነገረው። ከእናንተ አፍ የሰማው እውነት ከጎረቤት አፍ ከሚሰማው ይለሰልሳል።

ለማጠቃለል

ያ ባልና ሚስት «የአብራክ ልጃችን ናት» ብለው ወረቀት ቢያስጽፉ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ቶሎ ያልቅላቸው ነበር። እነሱ ግን ወላጆቿ እንዳልሆኑ እየተናገሩ «ይሁን እንጂ ቤታችን ቤቷ ነው» ብለው ዓመታት ተከራከሩ። ከፋላ ማለት ይኸው ነው። ለልጁ የምትሰጠው ፍቅር የአንተ ነው፤ ከማንም አትበደረውም። ነሰቡ ግን የእሱ ነው፤ ልትነጥቀው አትችልም።

ልጅ ላጡ ቤቶች አላህ ዓይን ማረፊያ ይስጣቸው። ቤት ላጡ ልጆችም አደራን የሚያውቅ ቤት ይስጣቸው። አላሁ አዕለም።